ኧረ ልብስ!

ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ፣ እኛ ግቢ የነበረው የልብስ ማስጫ ገመድ በእናቴ እርምጃ አሥራ ስድስት ነበር። በእኔ፣ በሰባት ዓመቱ ልጅ እርምጃ ደግሞ ሃያ ሰባት። ቁጥሩን እስከ ዛሬ ያልረሳሁት በስሩ ስመላለስ ስለዋልኩ ነው፤ በርበሬ በተሰጣ ቀን የዶሮ ዘበኛው እኔ ነበርኩ። እጄ ላይ አርጩሜ፣ እግሬ ስር ሰሌን ላይ የተዘረጋ በርበሬ፣ ከራሴ በላይ የሰባት ቤት ልብስ።

በእኛ ቋንቋ ልብሱም በርበሬውም "ይሰጣል"። እህሉም ይሰጣል፣ ጌሾውም ይሰጣል፣ ብቅሉም ይሰጣል። ለሁሉም የምትደርሰው ያቺው አንዲት ፀሐይ ስለሆነች ይሆናል። የእኛ ችግር ግቢውም አንድ መሆኑ ነበር። የቀኑ ነፋስ የበርበሬውን ብናኝ አንስቶ ወደ ልብሱ ሲወስድ፣ ከልብሱ የሚንጠባጠበው ውሃ ደግሞ በርበሬው ላይ ሲወርድ፣ በሁለት ባለ ስጦች መሃል የሚነሳውን ክርክር መዳኘት የፍርድ ቤት ያህል ጊዜ ይወስድ ነበር። ከእነዚህ ክርክሮች በአንዱ ጥፋተኛው እኔ ነበርኩ፤ ለአርባ አምስት ዓመት ግን ማንም አልከሰሰኝም። እሱን ኋላ እመጣበታለሁ።

ግቢው ከአዋጁ በፊት የአንድ ሰው ነበር፤ የእሜቴ። ሙሉ ስማቸውን እኛ ልጆች አናውቀውም፣ ትልቁም ትንሹም እሜቴ ነው የሚላቸው። የእንጨት በረንዳ ያለው ትልቅ ቤት፣ ከጀርባው የሠራተኛ ክፍሎች፣ ከጎኑ ጋራዥ። በ1967 በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን ትልቁ ቤት ተከፋፈለ፣ ጓዳውም ጋራዡም አባወራ ገባበት። ለእኛ የደረሰን ጋራዡ ነው። እሜቴ ፊት ለፊት ያሉትን ሁለት ክፍሎችና በረንዳቸውን ይዘው ቀሩ። ከበረንዳቸው ምሰሶ ተነስቶ ጥግ ላይ ካለው ጥድ የሚደርሰው ገመድም የእሳቸው እንደሆነ ቀረ። አንድ ቀን ለቆጠራ የመጣ የቀበሌ ሰው "ገመዱስ የማን ነው?" ብሎ ቢቀልድባቸው፣ "አዋጁን ከላይ እስከ ታች አስነብቤዋለሁ፤ ስለ ገመድ አንድ ቃል የለበትም" አሉት ይባላል። እናቴ ይህን ስታወራ ሁልጊዜ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ድምፅዋን የእሳቸውን አስመስላ ነው።

ገመዱን ግን ለብቻዬ አላሉም። ቀን ደለደሉት። የእኛ ቀን ማክሰኞና ዓርብ ከሰዓት ነበር። ቅዳሜ የራሳቸው። እሑድ የማንም። በወሩም 12፣ 21ና 27 ገመዱ ባዶውን ይውላል፤ በ23 ደግሞ ወሬውም አይነሳ፣ የአራዳ ጊዮርጊስ ቅዳሴ በማይክሮፎን እስከ አልጋችን እየመጣ ማን ሳፋ አውጥቶ ልብስ ያሻል? ከጀርባ ክፍል የነበረችው ሙስሊም ጎረቤታችን እንኳ በ23 አታጥብም። በአጸፋው ዓርብ ጠዋት የማንም ተራ ቢሆን የባሏ ነጭ ጀለቢያ ቅድሚያ አለው፤ ጁምዓ ሳይደርስ መድረቅ አለበትና። ይህን ማንም በወረቀት አልጻፈውም።

እሜቴ በፊት የነበራቸው ገመድ የቃጫ ነበር አሉ፣ እሱን አልደረስኩበትም። ቃጫ ዝናብ ከጠጣ ሁለት ቀን አይደርቅም፣ ሲደርቅ ደግሞ ጭረቱ ሹራብ ይመዛል። እኔ የደረስኩበት ራቁቱን የሆነ ሽቦ ነው። ዝጎ ስለነበር ነጭ ሸሚዝ ላይ ቡናማ መስመር ያትማል፤ መስመሩ የሚያርፈው ደግሞ ልክ እምብርት ላይ ነው። የእኛ ግቢ ተማሪ የትም ቢሄድ በእምብርቱ ይታወቅ ነበር። በ1972 መግቢያ ላይ አባቴ ከምናለሽ ተራ ጥቁር ፕላስቲክ የለበሰ ወፍራም ሽቦ ገዝቶ መጣ። ምናለሽ ተራን ለማያውቅ፣ መርካቶ ውስጥ ሌላው የጣለው ነገር ሁሉ እንደገና ሥራ የሚያገኝበት ተራ ነው። አባቴ ጥዱ ላይ ወጥቶ ሲያስር እሜቴ በረንዳቸው ላይ ቆመው "ሳብ! ላላ አድርግ! አሁንም ሳብ!" እያሉ አዘዙት። ሲጨርስ ወርደው ክራር እንደሚቃኝ ሰው በጣታቸው ነካ አደረጉትና "አሁን ይሁን" አሉ። ሽቦ ሆኖም ስሙ ገመድ እንደሆነ ቀረ።

ልብስ ማስጣትን የተማርኩት ከአያቴ ነው። እቴቴ ነበር የምንላት፣ የእናቴ እናት። እቴቴ እጥበቱ ላይ አትጨነቅም፣ ማንም ጉልበት ያለው ያሸዋል ባይ ናት። ገመዱ ጋ ስትደርስ ግን ጸጥ ትላለች። ነጠላ ከሆነ እኔን ትጠራኛለች። ሁለቱን ጫፍ እኔ፣ ሁለቱን እሷ ይዘን ወደ ኋላ እንሳሳባለን፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ "ጧ!" እናደርገዋለን። የነጠላው ውሃ ፊቴ ላይ እንደ ጤዛ ይረጫል። ሲወጠር ድርና ማጉ ቦታ ቦታውን ይይዛል፣ ከዚያ ካውያ አይፈልግም። ገመዱ ላይ ስታደርገው ጥለቱን ወደ ውጭ አውጥታ፣ ከነጩ ጋር እንዳይነካካ አርቃ ነው፤ ቀለም የሚለቅ ጥለት አንድ ሰዓት ቢተኛበት ነጠላው ዕድሜ ልኩን እድፍ ይዞ ይቀራል። ጥቁር ነገር ተገልብጦ ይሰጣል፣ ፀሐይዋ ገበሩን ትብላ እንጂ ፊቱን እንዳትበላው። ሹራብ አይንጠለጠልም፤ በራሱ ውሃ ክብደት ተጎትቶ የጎረቤት ሹራብ ይመስላል። ሰሌን ላይ ይተኛል።

ጋቢ የብቻው ጣጣ ነው። አራት እጥፍ ጥጥ ውሃ ሲጠጣ ለአንድ ሰው አይነሳም። ሁለት ሰው ጠምዝዞት፣ ሦስተኛው ተቀብሎት ገመዱ ላይ ሲወጣ ገመዱ እንደ በቅሎ ጀርባ ይጎብጣል። ያኔ ባላው ይመጣል፤ ጫፉ የተሰነጠቀ የባሕር ዛፍ እንጨት ነው፣ መሃል ላይ ገመዱን ተሸክሞ ጋቢው መሬት እንዳይልስ ያደርገዋል። ያን ባላ ልጅ መንካት አይፈቀድለትም ነበር። ስለዚህ ሁላችንም ነክተነዋል።

የውስጥ ልብስ ከነጠላ ስር ነው የሚሰጣው። ከላይ ሲያዩት ነጭ ነጠላ ብቻ ነው፤ ከስሩ የቤቱ ምስጢር ሁሉ ተደርድሯል። የእንጨት መቆንጠጫ የነበራቸው እሜቴ ብቻ ናቸው፣ አሥራ ሁለት ነበር፣ ማታ ማታ ይቆጥሩታል።

እንዶድን ሳላነሳ ካለፍኩ እቴቴ ትቀየመኛለች። የዱቄት ሳሙና ለፈለገ ይሁን፣ ለነጠላዋ ግን እንዶድ ነው። ቀጥቅጣ፣ ሳፋ ውስጥ በእጇ ስትመታው አረፋው እስከ ክንዷ ይደርሳል። ዶክተር አክሊሉ ለማ የተባሉ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ውስጥ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አይተው፣ ከእጥበቱ ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማግኘታቸውን፣ ቀንድ አውጣው ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈው መሆኑን፣ ከዚያ የተነሳው ምርምር እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፍ ሽልማት እንዳስገኘላቸው ያወቅኩት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው። ለእቴቴ ያኔ ብነግራት "ታዲያ ጤፍ ያጠግባል ብሎም ይሸለማል?" የምትለኝ ይመስለኛል። እሷ ስለ እንዶድ የምታውቀው ሌላ ነው፤ በእንዶድ የታጠበ ነጠላ ነፋስ ላይ ሲደርቅ እንደማይገተር፣ አንገት ላይ ሲያርፍ ለስላሳ እንደሆነ።

ከጥቅምት በኋላ ያለው የአዲስ አበባ ፀሐይ ልብስ ለማድረቅ የተፈጠረ ይመስላል። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ አየሩ ስስ፣ ጨረሩ ብርቱ፣ በጋውም ደረቅ ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ውሃ የሚያንጠባጥበው አንሶላ ስድስት ሰዓት ላይ ሲነካ ይንኮሻኮሻል። ትኋን ያለበት ፍራሽ እንኳ ከገመዱ ስር ተጋድሞ ውሎ ሲገባ ሌላ ፍራሽ ነው። የዚያን አንሶላ ሽታ በቃል መናገር ይቸግረኛል። እንደ ትኩስ እንጀራ ነው ብል የሚስቅብኝ ይኖራል፤ ግን እንደሱ ነው። ይህን ሽታ የምታበላሽ አንዲት ቀን ነበረች፣ ኅዳር 12። በ1911 ሸገርን የፈጀውን የኅዳር በሽታ ለማስታወስ ከተማው ሁሉ ቆሻሻ እያቃጠለ የሚታጠንባት ቀን። ሚካኤል ስለሆነ መቼም ማንም አያጥብም፤ ነገር ግን ከዋዜማው ገመድ ላይ የተረሳ ጋቢ ካለ እስከ ገና ድረስ የጭስ ቤት ይሸታል። አንድ ዓመት የእኛ ነበር። ሽታው እኔም ላይ ቀርቶ፣ ጭሱ ከአባቴ ነው እያለ መምህራችን አባቴን ሲጋራ አጫሽ አደረገብኝ።

ከተራ ሲደርስ ደግሞ ገመዱ አይበቃም። "ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ" የሚለው ተረት የሚጠቅሰው ቀሚሱን ነው እንጂ ቀሚሱ የሚሰጣበትን አይናገርም። የቀን ድልድሉ ይፈርሳል፣ እሜቴ አሥራ ሁለቱን መቆንጠጫ ለግቢው ያበድራሉ፣ አጥሩም የጥዱ ቅርንጫፍም የበረንዳው መደገፊያም ነጭ ይለብሳል። ከእሪ በከንቱ ቁልቁለት ቆሞ ወደ ላይ ለሚያይ ሰው ሰፈሩ ሁሉ ወደ ጃን ሜዳ ሊሄድ የተሰለፈ ይመስል ነበር።

አሁን ወደ ጩኸቱ ልምጣ። የበልግ ዝናብ ሲመጣ አስቀድሞ የሚያየው ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሰው ነው፤ ያም እሜቴ ናቸው። ከእንጦጦ በኩል ሲጠቁር ከበረንዳቸው ይነሱና በዚያ ቀጭን ድምፃቸው "ኧረ ልብስ!" ይላሉ። አንዴ ብቻ። ከዚያ የጓዳው ሁሉ በር ይከፈታል። ወጥ የምታማስለው ማማሰያዋን እንደያዘች፣ ጠጉሯን የምትሠራው ግማሹን ተሠርታ ግማሹን በትና፣ ጡት የምታጠባው ልጇን ለእኔ አሸክማ ትሮጣለች። የማን ልብስ ነው ተብሎ አይለይም። እጅ ያገኘው ሁሉ ተጠቅልሎ ለገመዱ ቅርብ ወደሆነው ቤት፣ ማለት ወደ እኛ ጋራዥ ይወረወራል። የመጀመሪያው ጠብታ ቆርቆሮው ላይ "ጣ" ሲል ገመዱ ባዶ ነው።

ከዚያ የሚመጣው ነበር ደስ የሚለኝ። ዝናቡ ሲያልፍ ሴቶቹ እኛ አልጋ ዙሪያ ቆመው ክምሩን ይለያሉ። "ይቺ የማን ናት?" "የእኔ ናት፣ አትዘርጊያት!" "እስቲ ልያት፣ ይሄን መጣፊያ ማን ጣፈልሽ?" የባል ካልሲ ይወደሳል፣ የአማት መቀነት ይታማል። ቡና ይፈላል። ቤት ያለ የገንዘብ ችግር፣ የታመመ ሰው፣ የተጣላ ባልና ሚስት፣ ሁሉም ከዚያ ክምር ውስጥ ይወጣል። ሥራ ያጣ ሰው ሸሚዝ ገመድ ላይ አይወጣም፣ አዲስ የተወለደ ልጅ ያለበት ቤት በጨርቁ ብዛት ይታወቃል። እናቴ አንዷን ጎረቤት እርጉዝ መሆኗን ለራሷ ሳትነግራት ያወቀችው ከገመዱ ነው። እንዴት እንደሆነ እኔ አልጽፈውም።

ክረምቱ ግን ክፉ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ልብስ አይደርቅም፣ ይቀዘቅዛል እንጂ። ጋራዡ ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ ሲባጎ ይወጠራል፣ እኛ ከስሩ ጎንበስ ብለን እንኖራለን። የሕፃን ጨርቅ ለማድረቅ የከሰል ምድጃ ላይ ቅርጫት ተደፍቶ ከላዩ ይዘረጋል፣ እቴቴ ዕጣን ቢጤ ጣል ታደርግበታለች። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ዩኒፎርማችን ገና እርጥብ ነው፤ በከሰል ካውያ እያተኮሱ ያደርቁታል፣ እንፋሎቱ ቤቱን ያጨልመዋል። ብዙ ጊዜ አንገትጌው እንደረጠበ ለብሰነው ሄደናል። በሰውነት ሙቀት የደረቀ ካኪ የሚሰጠውን ሽታ የሚያስታውስ የክፍል ጓደኛ ካለ ሰላም ይበለኝ።

ኋላ እመጣበታለሁ ያልኩት የሚጣ ነገር የሆነው በዚያው በ1972፣ የካቲት ውስጥ ነው። ሚጣ ታናሽ እህቴ ናት፣ ያኔ የአምስት ወር ልጅ ነበረች። ማክሰኞ ነበር፣ የእኛ ቀን። የሚጣ ሽንት ጨርቆች ከላይ ተሰጥተዋል፣ የአንዷ ጎረቤታችን በርበሬ ከታች ተሰጥቷል፣ ፀሐይ ላይ ሰንብቶ ለመወቀጥ የደረሰ። እናቴ ቢሮ ናት፣ እቴቴ ለቅሶ ሄዳለች። እኔ የተከለከለውን ባላ እንደ ጦር ይዤ ከአንድ አውራ ዶሮ ጋር ጦርነት ላይ ነበርኩ። ባላው ሲነሳ ገመዱ ዝቅ አለ፣ አንድ ጨርቅ ተንሸራቶ በርበሬው መሃል በፊቱ ተደፋ።

አነሳሁት። አራገፍኩት። ከእግሬ ጫፍ ቆሜ መልሼ አሰጣሁት፤ እቴቴ እንዳስተማረችኝ ወጥሬ፣ ጠርዙን ከጠርዙ አጋጥሜ። ባላውን ወደ ቦታው መለስኩ። ዶሮውንም ይቅር አልኩት።

ሌሊቱን ሚጣ ስታለቅስ አደረች። ሆዷን ነው ተባለ። ጤና አዳም ተፈልጎ መጣ፣ ቅቤ ተቀባች፣ እሜቴ ራሳቸው ካባ ደርበው መጥተው ጸበል ረጩባት። አባቴ ተሸክሟት ጋራዡን ከጥግ እስከ ጥግ ሲመላለስ እኔ ብርድ ልብሴን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ ተኝቻለሁ ባይ ነበርኩ። ንጋት ላይ ተኛች። ለማንም አልተናገርኩም። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ በርበሬ ጠብቅ ስባል ሆዴን ያመኝ ነበር፤ እውነት ያመኝ ነበር።

እቴቴ በ1977 አረፈች፣ እሜቴ ከእሷ ሦስት ዓመት ዘግይተው። ጥዱን አንድ ክረምት ነፋስ ጣለው፣ በምትኩ የብረት ቱቦ ተተከለ። እኔ አግብቼ ወጣሁ። እናቴ ጋራዡን አልለቅም ብላ እስከ 2016 ቆየች፤ በዚያ ዓመት የኮሪደር ልማቱ ፒያሳን ሲነካ ዶሮ ማነቂያም አብሮ ተነሳ። ዕቃ ልንጭን የሄድን ቀን እናቴ የአልጋውንም የቁም ሳጥኑንም ነገር ለእኛ ትታ ቢላዋ ይዛ ወደ ገመዱ ሄደች። ቋጠሮውን ልትፈታው ሞከረች፣ የአባቴ ቋጠሮ አልፈታ አለ። አልቆረጠችውም። ተቀምጣ፣ በቢላዋው ጫፍ እያላላች፣ መኪናው ጥሩምባ እየነፋ ሃያ ደቂቃ ፈጀባት።

አሁን ያለችው ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቤቱ ጥሩ ነው፣ ውሃውም ይመጣል፣ ሽንት ቤቱም የግሏ ነው፤ ጋራዥ ውስጥ ከአርባ ዓመት በላይ ለኖረ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በረንዳው ግን በእሷ እርምጃ ሦስት ነው። ከአሥራ ስድስቱ ሦስቱን ወጥራ አሥራ ሦስቱን ጠቅልላ አልጋዋ ስር አስቀመጠችው። አንድ ቀን እኔ ባለሁበት ዝናብ መጣ። ከታች የምትኖር የአንዲት ሴት ልብስ ተሰጥቶ አየሁ፣ ሴትዮዋ የለችም። እናቴ ብድግ ብላ በረንዳው ላይ ወጣችና "ኧረ ልብስ!" አለች። ድምፅዋ እሜቴን ቁርጥ። ከፊት ለፊቱ ብሎክ ሁለት ሰዎች መስኮት ከፍተው አዩን፣ መልሰው ዘጉት። ልብሱ ራሰ።

ሚጣ ዲቪ ደርሷት ከሄደች ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗታል፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው። ባለፈው ዓመት ለጥምቀት መጥታ ነበር። ከሻንጣዋ ለእናቴ ካመጣቻቸው ነገሮች መሃል ስድስት የሱፍ ኳሶች ነበሩ፤ የብርቱካን ያህል፣ ነጭ፣ ጠንካራ። እናቴ አንዷን አገላብጣ አይታ "የመንዝ በግ አሜሪካ ድረስ ሄደ?" አለች። ሚጣ አስረዳች። እዚያ ልብስ የሚደርቀው በማሽን ነው፣ ማሽኑ ልብሱን እያሽከረከረ ሙቅ አየር ይነፋበታል፤ ለአንድ ዙር የሚበላው መብራት የኤሌክትሪክ ምጣዳችን ለአንድ ሰዓት ሲጋግር ከሚበላው ጋር ይቀራረባል። ልብሱ እንዳይገተርና እርስ በርሱ እንዳይጣበቅ ደግሞ ሰዉ አብራ የምትገባ ሽታ ያላት ስስ ጨርቅ ይጨምራል፤ በእነሱ አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጨረሻ ኮንራድ ጋይዘር የሚባል አሜሪካዊ የፈጠራት ነገር ናት። አንዴ ትሠራለች፣ ትጣላለች። የሚጣ ልጅ ቆዳው ስለማይቀበላት ወደ ሱፍ ኳሶቹ ዞረች። ኳሶቹ ልብሱ መሃል እየዘለሉ ይለያዩታል፣ አየሩ ይገባበታል፣ ቶሎም ይደርቃል ይባላል፤ ለዓመታት ያገለግላሉ።

"ብዙም ተአምር የለውም" አለች ሚጣ፣ "ግን ካለው ይሻላል።"

"ፀሐይ የለም እንዴ አገሩ?" አለች እናቴ።

ፀሐይ አለ። ሕጉም አለ፤ ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣችው ሕግ የመኖሪያ ማኅበራት ነዋሪው ግቢው ውስጥ የልብስ ገመድ እንዳይዘረጋ ጨርሰው መከልከል አይችሉም። ያንን ያህል ዓመት እዚያ ኖራ ሚጣ ይህን ያወቀችው በቅርቡ ነው። ሕግ አውጥቶ ልብስ ማስጣትን መፍቀድ የሚያስፈልገው አገር መኖሩ ለእናቴ ሊገባት አልቻለም፤ ደጋግማ አስነገረቻት። ማሽን የሌላት እናቴ የሱፍ ኳሶቹን አንዱን መርፌ መሰኪያ አደረገችው፣ አምስቱን ለብሎኩ ልጆች ሰጠቻቸው።

በዚያው ከሰዓት በረንዳው ላይ ሦስታችን ተቀምጠን፣ የሚጣ ልብስ በሦስት እርምጃ ገመድ ላይ እየደረቀ፣ የበርበሬውን ነገር ተናገርኩ። ለምን በዚያ ቀን እንደሆነ አላውቅም፤ ምናልባት በርበሬው ሚጣ ይዛው ልትሄድ ታሽጎ አጠገባችን ስለነበረ። ሚጣ ሳቀች፣ ሳቋ ሲያልቅ በጡጫ መታችኝ።

እናቴ አልሳቀችም። "አውቅ ነበር" አለች። "ማታ ስሰበስብ አይቻለሁ። ጨርቁ እኔ እንደማሰጣው አልነበረም፣ እቴቴ እንደምታሰጣው ነበር። እቴቴ ደግሞ ለቅሶ ነበረች። ጠዋት ሳጥበው ፍሬ ወጣበት።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?"

"ምን ልበልህ? አንተም እኮ ስታለቅስ ነው ያደርከው።"

ሚጣ የሄደች ቀን እናቴ ከአልጋዋ ስር አሥራ ሦስቱን እርምጃ አወጣችላት። ቦሌ ላይ ፈታሹ ሻንጣውን አስከፍቶ ጥቅልሉን አነሳና "ይሄ ምንድነው?" አለ። "የልብስ ገመድ" አለችው ሚጣ። አይቷት፣ ሽቦውን አይቶ፣ መልሶ ከተተላት። አሁን ከቤቷ ኋላ በሁለት ምሰሶ መሃል ተወጥሯል፣ ፎቶውን ልካልናለች። በርበሬውም ደህና ደርሷል፤ እናቴ ግን ከገመዱ ጋር አንድ ሻንጣ ውስጥ እንዲገባ አልፈቀደችም ነበር።